ሳሙና የማይደፍረው ብሩሽ
በደብረ ማርቆስ፣ በቀድሞ ስሟ መንቆረር፣ የጥር ሰርግ ሲደራ በውበት ሳሎኖች ከባዱን ኃላፊነት የሚሸከመው የሜካፕ ብሩሽ፣ ማለትም ፓውደርና ቀለም ፊት ላይ የሚያዳርሰው ባለ ጠጉር መሣሪያ፣ ተገቢውን ምስጋና ያገኘ አይመስልም። ጠዋት ሙሽራዋን፣ ቀጥሎ ሚዜዎቿን፣ ከሰዓት በኋላም የሌላ ቤት ሙሽራ ሲያስውብ ሳሙና ሳይነካው ይውላል፤ ይህም ከስንፍና ሳይሆን ከቸርነት የመጣ መሆን አለበት፤ ለአንድ ፊት የከፈለች ደንበኛ የሌሎቹን ቅባት፣ ላብና የሞተ ቆዳ በምርቃት ታገኛለችና። ለዓይን ቆብ የተመደበው ትንሹ ብሩሽማ ከሁሉም ይልቃል፦ ከታመመው ዓይን ወደ ጤነኛው ተሕዋስያንን ያለ ሒሳብ ያደርሳል።

በዚያው ሳሎን ጥግ ቡና ይፈላል፤ ስኒው በአቦልና በቶና መካከል ይለቀለቃል፣ ጠርዙ ላይ የከንፈር ቀለም የቀረበት እንደሆነም በጣት ይታሻል። ይህ ከንቱ ብክነት ነው፤ የብሩሹ ሕግ ለስኒውም ቢሠራ በረካው ላይ የደረሰች እንግዳ ከቀደሙት ጠጪዎች ሁሉ ጋር በተዛመደች ነበር። ያልታጠበ ስኒ ቢቀርብላት ፊቷን የምታዞር ሙሽራ ግን ያንኑ ፊቷን ለብሩሹ መልሳ ታቀርባለች።

ከዚህ ሥርዓት ማፈንገጥ ለሚሹ፣ ጠጉሩ ብቻ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና መዳፍ ላይ ይታሻል፤ ጠጉሩን ከእጀታው የሚያያይዘው የብረት ቀለበት ግን አይዘፈዘፍም፣ ውኃ ሙጫውን ያላላልና። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ከተማ እንኳ፣ ማታ ታጥቦ በአግድሙ የተኛ ብሩሽ በጥር ደረቅ አየር ለማግስቱ ሙሽራ ይደርሳል።