የድንኳን ሥር ሹመት

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁለት ማዕረግ አለው፤ አንዱ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው እድር ውስጥ። ቢሮው ውስጥ ሠራተኛ የሚያንቀጠቅጠው ሥራ አስኪያጅ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ካስማ ተሸካሚ ነው። ጡረታ የወጡት ዘበኛ ደግሞ የእድሩ ዳኛ ናቸው። «እገሌ፣ ገመዱን ሳብ አድርገው!» ይላሉ። ሥራ አስኪያጁም ይስባል።

ሐዘንም ቢሆን ቁጥጥር አያጣም። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ስለዚህ ሟቹን በሕይወት ሳለ «እንደምን አደርክ» ብሎት የማያውቅ ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ ከፊት ይሰለፋል፤ አንድ ዓይኑ ሬሳው ላይ፣ ሌላው ስም ጠሪው የእድሩ ጸሐፊ ላይ። ይህን ግብዝነት የሚል ካለ፣ ቀባሪ ያጣ ሬሳ አላየም ማለት ነው።

ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ቀበሌን የወለደው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ደርግም ግንቦት 1983 ዓ.ም. ተሰናበተ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ግን በሦስቱም ዘመን በማለዳ ተነሥቶ ሰፈሩን ቀስቅሷል፤ እሱን ያወረደ አዋጅ የለም።

የወር መዋጮ ያልከፈላችሁ፣ ጸሐፊው እሑድ ይጠብቋችኋል።