ሃያ ብይ በአባይ በረሃ

አጎቴ ብስክሌቱን ሲያወርሰኝ ምርቃቱን አልነፈገኝም፤ ግሪሱን እንጂ። 28 ቁጥር፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚይዝ ጥቁር የእንግሊዝ ብስክሌት ነው። አርባ ዓመት ባህር ዳርን ሲያካልል ከዝናብ ሌላ ምንም አልጠጣም። አንድ ቀን ወደ ገበያ ስወርድ የፊት ጎማው እንደ ወፍጮ ያጓራ ጀመር።

ከዛፍ ሥር የሚሠሩ አዛውንት ብስክሌት ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። የጎማውን እምብርት፣ እሳቸው ሞዞ የሚሉትን፣ ፈቱና ኮኗን በአውራ ጣታቸው አሻሿት።

«ፈንጣጣ ወጥቶባታል» አሉ፣ እንደ ሐኪም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞዞው ውስጥ በግራ 10፣ በቀኝ 10 የብረት ብዮች አሉ። እያንዳንዳቸው የኢንች 3/16ኛ፣ ቁንዶ በርበሬ የምታክል። በሞዞውና በኮኗ መካከል ይሽከረከራሉ። ግሪሱ ሲደርቅ ውሃና አቧራ ይገባል፤ ያኔ ብዮቹ መንከባለሉን ትተው ብረቱን መንከስ ይጀምራሉ።

«አዲስ ሞዞ ልግዛ እንግዲህ?» አልኩ።

«የዚህ የድሮ እንግሊዝ ራጂ ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ነው። እዚህ ገበያ ያለው ሞዞ 36 ነው። ትርፎቹን አራት ራጂ የት ልትሰካቸው ነው? ጆሮህ ላይ?»

ኮኗን ብቻ እንዳልቀይር ደግሞ የምትታሰርበት ፔርኖ የኢንች 5/16ኛ ሆኖ በአንድ ኢንች 26 ጥርስ አለው፤ የአሁኖቹ በሚሊሜትር የተሠሩ ናቸው። ሞከርናት። እንደ አማችና ምራት ሁለት ጥርስ ያህል ተስማምተው ገቡ፤ ሦስተኛው ላይ ተጣሉ።

«መርካቶ ሂድ፣ ምን አለሽ ተራ» አሉኝ።

እናም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዝኩ፣ አውራ ጣት ለማታህል ብረት። ምን አለሽ ተራ ደርሼ በናሙናነት የያዝኩትን ዳዶ ሳወጣ ባለሱቁ ፊቴን እንኳ አላየም። ከብረት ክምር ውስጥ የአሮጌ የህንድ ብስክሌት ፔርኖ ከነኮኖቹ መዝዞ አወጣ። ህንዶቹ የእንግሊዝን ልክ ሳይቀይሩ ሲሠሩበት ስለኖሩ ዳዶው በፔርኖው ላይ ሰተት ብሎ ገባ። መርካቶ ላይ የፈለጉትን ዕቃ ሲያገኙ ፊትን መቋጠር ያስፈልጋል፤ እኔ ጥርሴን አሳየሁ። ዋጋው እዚያው በእጥፍ አደገ።

ሃያ አዳዲስ ብዮች ጨምሬ በክብሪት ቀፎ ይዤ በማግስቱ ተሳፈርኩ። ጎሃ ጽዮን ሳንደርስ አንድ ኬላ ላይ ፖሊሱ ኪሴን ዳሰሰና ቀፎዋን ከፈታት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የብስክሌት ኩሽኔታ ነው።»

«ብስክሌቱስ?»

«ባህር ዳር ነው ያለው።»

ቀፎዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀፎዋን አየ። ያዘነልኝ መሰለኝ፤ መለሰልኝ። ደህና አድርጎ ግን አልዘጋትም።

ከጎሃ ጽዮን አባይ ድልድይ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በሁለተኛው ጥምዝ ላይ ቀፎዋ ከኪሴ ሾልካ ወደቀች፤ ብዮቹም አቀበት ቁልቁለት ለይተው የሚያውቁ ይመስል በመተላለፊያው ወደ ሹፌሩ ተንከባለሉ። እኔም ሳላስበው ጮህኩ፦

«ኩሽኔታው ተበተነ!»

አባይ በረሃ ላይ፣ ቁልቁል፣ ስድሳ ሰው ለጫነ ሹፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልታየኝም። የእሱ መስሎት ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመበት። ከኋላ ቀርተው የነበሩት ብዮችም ተከተሉ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና ጎማ ሥር ገባ። እናቶች ማርያምን ጠሩ። የማን ኩሽኔታ እንደሆነ ሲታወቅ ሹፌሩ መሪው ላይ ግንባሩን አሳርፎ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከስድብ ይልቅ ዝምታው ነው ያሳፈረኝ።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ዕለተ ስቅለት የገባ እስኪመስል አውቶቡሱ በሙሉ ተደፋ። አንዱ በሞባይል መብራት፣ አንዱ በመዳፉ ወለሉን ያስሳል። አንድ መነጽር ያደረጉ ሰውዬ ቦታቸውን ሳይለቁ አመራር ይሰጣሉ። በግርግሩ የአንዲት እናት መቁጠሪያ ክር ተበጠሰና የሱም ፍሬዎች ከብዮቼ ጋር ተቀላቀሉ። የሁሉም መዳፍ ተሰብስቦ ጭኔ ላይ ተራገፈ፤ አውቶቡሱ እየናጠን፣ እናትየው በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ተካፈልን።

«አርባ አንድ፣ ሙሉ ነው ልጄ» አሉኝ።

«የእኔም ሃያ ሞላ፣ እማማ።»

ተመራርቀን እሳቸው ደብረ ማርቆስ ወረዱ።

በማግስቱ አዛውንቱ ግሪሱን ቀብተው ብዮቹን አንድ በአንድ መደርደር ጀመሩ። ግራው ሞላ። ቀኙ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ አሥረኛዋን በሁለት ጣታቸው ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጓት። በመካከሏ ብርሃን አለፈ።

«ይቺ ትጸልያለች እንጂ አትዞርም» ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

በቀኝ በኩል በዘጠኝ ዘጉት። ኮኗን ሲያጠብቋት ጎማው ይደርቃል፣ ሲያላሏት ይወላገዳል፤ አሥር ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ካሉ በኋላ ጎማው ያለ ድምፅ ዞረ። ይኸው እስከ ዛሬ ይዞራል። ፍሬዋን በክብሪት ቀፎዋ ውስጥ አስቀምጬያታለሁ፤ እማማ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ መርፌ ይዘው፣ ቀዳዳ በሌላት አንዲት ፍሬ ክር ሊያስገቡ እየታገሉ ይሆናል።