የሲጋር ቁም ሣጥን በላስታ

ብራና ተፍቆና ደርቆም ቆዳነቱን አይተውም። ፍየሏ ከታረደች አምስት መቶ ዓመት ቢያልፍም ቆዳዋ ከአየሩ ጋር መስማማትና መጣላቷን አላቆመችም፤ ሐምሌ ሲገባ እርጥበት ትጠጣለች፣ ጥር ሲመጣ ትተፋለች። በጠጣች ቁጥር ትነፋለች፣ በተፋች ቁጥር ትኮማተራለች። ላስታ ውስጥ ደግሞ ሐምሌና ጥር እጅግ የተራራቁ ናቸው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ቆሟል። በበጋ ከንፈር የሚሰነጥቅ ድርቀት ነው። በክረምት ጭጋጉ ከገደሉ ተነሥቶ በበር ስንጥቅ ይገባል።

የአክስቴ ልጅ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እዚያው ላስታ ተወልዶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዲቁና ተቀብሎ ነው ወደ አሜሪካ የሄደው። ዛሬ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። የደብሩ መጻሕፍት ብልና አይጥ እየጎበኛቸው መሆኑን ሲሰማ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። አንድ የሲጋር መሸጫ ሲዘጋ ዕቃው ለጨረታ ወጣ፤ ከዚያ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ባለመስታወት በር፣ ባለቁልፍ ቁም ሣጥን ገዝቶ በመርከብ ላከው። እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተረክቤ ላስታ እንዳደርስለት ለመነኝ፤ እሺ አልኩ።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልናገር። ሲጋር እንደምናውቀው ሲጋራ በወረቀት የተጠቀለለ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ የትምባሆ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከረጠበ ይሻግታል። ስለዚህ ሃቫና ያለውም ለንደን ያለውም ነጋዴ የማስቀመጫውን እርጥበት ከመቶ ከ65 እስከ 70 ባለው መካከል ያቆየዋል። ትልልቆቹ ቁም ሣጥኖች ውስጣቸው የስፔን ሴዳር በሚባል ቀይ፣ መዓዛው ኃይለኛ እንጨት ይለበጣል። ስሙ ሴዳር ይባል እንጂ ዘሩ ከማሆጋኒ ወገን ነው። ታች ትንሽ የውሃ ማጠራቀሚያና ማራገቢያ አለ፤ አየሩ ሲደርቅ መሣሪያው ራሱ ተነሥቶ እርጥበት ይነፋል። የአክስቴ ልጅ ቅጠልን ያቆየ ቆዳንም ያቆያል ብሎ አሰበ። ሐሳቡን እስከ ዛሬ አልነቅፍበትም፤ ሁለቱም አየር ጠጪዎች ናቸው። የሚለያዩት በቁጥሩ ነው። ብራና የሚመቸው ከመቶ 50 አካባቢ ነው፤ ከ65 ወይም ከ70 ካለፈ ሻጋታ ይነቃል። ሲጋሩ ተመችቶት የሚያድርበት ቦታ ለወንጌሉ አደጋ የሚጀምርበት ደጃፍ ነው።

በአይሱዙ ጫንነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ አልፎ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ ደሴ ወጥቶ፣ በመርሳ በኩል ወልድያ ደርሶ፣ እንደገና የዲልብን ዳገት ወደ ጋሸና መውጣት ማለት ለእንጨት ምን ማለት እንደሆነ አናጢ የሆነ ሰው ይረዳዋል። በብርድና በጉም የነፋው ጣውላ በማግስቱ ሙቀት ላይ ይሸሻል፤ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይነፋል። ጋሸና ላይ ጆንያውን ስንገልጠው የቀኝ በሩ ከታች በኩል ማዕዘኑን ስቷል። አሁን ሳስበው የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚያች ማዕዘን ይጀምራል።

ደብሯ መኪና አይደርስባትም። ከመንገዱ ዳር ሰዎች በቃሬዛ አነሡት፤ ዐሥራ ሁለት ጎልማሶች እየተፈራረቁ። በዚያ አገር ቃሬዛ ካዩ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች «ማን ታሞ ነው? እግዚአብሔር ይማርልን» እያሉ ቆሙልን፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ሸራው ተጠግተው አዩና «መጻሕፍቱ ናቸው የታመሙት» ሲባሉ አልሳቁም። «እነሱንም ይማርልን» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጭቅጭቁ የመጣው ቅጥሩ ላይ ስንደርስ ነው። ቁም ሣጥኑ የምን እንደነበር ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ትምባሆ በኛ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ምን ያህል የተጠላ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ አጫሾችን በብርቱ ይቀጡ ነበር። ቄሰ ገበዙ በሩ ላይ ቆመው «የትምባሆ ማደሪያ የነበረ፣ የገድሉ ማደሪያ ይሆናል?» አሉ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነበር፤ ማንም በችኮላ አልመለሰላቸውም። መሪጌታ ብዙ ካዳመጡ በኋላ «ቆዳውም እኮ የፍየል ማደሪያ ነበር፤ ታጥቦና ተፍቆ ነው የቃሉ ማደሪያ የሆነው» አሉ። ሣጥኑ ለቀናት ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ዋለ፣ ታጠበ፣ ጠበል ተረጨበት፣ ገባ።

ቄሰ ገበዙን በመጨረሻ ያሸነፋቸው ቁልፉ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀውን አፍሮ አይገባ መስቀል በዚያ አገር የማያስታውስ ሰው የለም። መስቀሉ ቤልጂየም ድረስ ተሸጦ እ.ኤ.አ. በ2001 እስኪመለስ ድረስ የነበረው ለቅሶ ገና ትኩስ ነው። ዕቃ ቤት የሚጠብቅ ሰው ከሻጋታ ይልቅ ሌባን ቢፈራ አይፈረድበትም።

እኔ ከሣጥኑ ጋር የመጣውን እርጥበት መለኪያ መፈተሽ ጀመርኩ። እርጥበት መለኪያ ሳይፈተሽ አይታመንም፤ መፈተሻውም ጨው ነው። ጨውን በጥቂት ውሃ አላቁጦ፣ ጨርሶ ሳይሟሟ፣ ከመለኪያው ጋር ክዳን ባለው በአንድ ዕቃ ውስጥ ዘግቶ ማሳደር ነው። በታሸገው አየር ውስጥ እርጥበቱ ከመቶ 75 ላይ ይቆማል፤ ይህ የጨው ጠባይ ነው፤ ሃቫናም ላስታም አይለወጥም። የሲጋር ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ከሱቅ የአፋር ጨው ገዛን፣ የመሪጌታን የማር ማሰሮ ተዋስን። በማግስቱ መለኪያው 68 አለ፤ ማለትም ከእውነቱ 7 ዝቅ አድርጎ ያነባል። መሪጌታ ነገሩ ደስ አላቸው። «እናቴ ጨው ስታለቅስ ልብስ አስገቡ ትል ነበር» አሉ። ልክ ናቸው፤ አየሩ 75 ሲያልፍ ጨው ማላብ ይጀምራል። የላስታ ባልቴት ጨውዋን ምድጃ አጠገብ የምታስቀምጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ የቁም ሣጥኑን መሣሪያ ስንከፍት ከ65 በታች እንዲይዝ ተደርጎ እንዳልተሠራ አየን። በዚያ ላይ መለኪያው 7 ዝቅ ያነባል፤ 65 ባለ ጊዜ እውነቱ 72 ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኩት፤ የሚያውቅ ሰው እስኪጠይቅ ድረስ መሣሪያው ጠፍቶ እንዲቆይ ተስማማን። መጻሕፍቱ በማኅደራቸው ሆነው ችካል ላይ ተሰቅለው ቀሩ፤ እኔም ተመለስኩ።

ግን በጎ ሐሳብ ብቻውን አይቀመጥም። አንድ ሌሊት ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ኮቴ ተሰማ፤ በማግስቱ ቄሰ ገበዙ ገድለ ላሊበላን፣ ተአምረ ማርያምንና አንድ ወንጌል አውጥተው ሣጥኑ ውስጥ ቆለፉባቸው። አንድ ዲያቆን ደግሞ መመሪያው ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ የውሃው ማጠራቀሚያ ባዶ መሆኑ አሳሰበው። ከተማ ወርዶ፣ ከጋራዥ የባትሪ ውሃ ገዝቶ፣ ሞልቶ፣ ሶኬቱን ሰካ። መብራት ሲመጣ ማራገቢያው ይነፋል፣ ሲጠፋ የተነፋው እርጥበት እዚያው ታምቆ ያድራል። የደጋ ሌሊት ደግሞ ክፉ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ በዚያው አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ ሲሰላ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ በውስጥ በኩል ያልበው ነበር።

ሰኔ 12 የቅዱስ ላሊበላ ዕረፍት ነው፤ ገድሉ የሚነበብበት ቀን። በዋዜማው ደረስኩ። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ቄሰ ገበዙ ቁልፉን አዞሩ፤ ቁልፉ ዞረ፤ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እንጨቱ ነፍቶ፣ ያች ጋሸና ላይ ያየናት ማዕዘን ከማዕቀፉ ጋር ተናክሳ ቀርታለች። ገድሉ በመስታወቱ ይታያል። ካህናቱ ተሰበሰቡ። አንዱ መስታወቱ ይሰበር አለ፤ መሪጌታ ስባሪው ብራናውን ይቆርጠዋል ብለው ከለከሉ። ሌላው ፍም በምጣድ ይቅረብ፣ እንጨቱ ይድረቅ አለ፤ ይህን ጊዜ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው። የረጠበ ቆዳ ሙቀት ካገኘው ይኮማተራል፣ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ብራና ሲፍቁ ያደጉ ሰው ናቸውና ይህን በእጃቸው ያውቁታል።

የከፈትነው በጀርባው ነው። ሣጥኑን ከግድግዳው አራቅን፣ የኋላውን ጣውላ ብሎኖች በእጅ ስልክ መብራት እየፈለግን አንድ በአንድ ፈታን፤ ሁለቱ ዝገው ስለነበር አናጢ ከአልጋው ተጠራ። ጣውላው ሲነሣ የወጣው ጠረን የቤተ ክርስቲያን ጠረን አልነበረም፤ የእንጨቱ ሙጫና የሻጋታ ሽታ ተደባልቋል። የገድሉ ማኅደር ቆዳ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ሻጋታ ጀምሯል። ገበታውን ሲገልጡት ቅጠሎቹ ነፋስ እንደነካው ኩሬ ተሸብሽበዋል። ቀለሙ ግን አልፈሰሰም፤ ቀዩም ጥቁሩም እንደ ቆመ ነው። መሪጌታ ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ልስልስ ብሏል እንጂ አልሞተም» አሉ። ገድሉ በማግስቱ ተነበበ።

ይህን ሳስብ ድንጋዮቹ ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያና ግድግዳ ዝናብ እንዳይገባባቸው ተብሎ ሬንጅ ተቀብተው ነበር። ሬንጅ የውጭውን ውሃ ቢከለክልም የውስጡን እርጥበት መውጫ ይነሳዋል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው ጥገና ካከናወናቸው ሥራዎች አንዱ ያንኑ ሬንጅ ማስወገድ ነበር። የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ተመልከቱ፤ ሥሩ ረግረግ ነው እየተባለ፣ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ ተነባብሮ የተሠራ ቤት ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል። ዋሻው ዝናቡን ይከለክልለታል፣ አየሩ ግን ይመላለስበታል። ከድንጋይና ከእንጨት የሆነ ነገር በሙሉ ላስታ ውስጥ የሚኖረው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ከላይ ጥሩ ክዳን፣ ከጎን መተንፈሻ።

ማኅደሩም ይህንኑ ነው የሚሠራው። ወፍራም ቆዳ፣ በውስጡ የዋንዛ ወይም የወይራ ገበታ፣ በውስጡ ብራና፤ የውጭው አየር በአንድ ቀን ቢለዋወጥ ውስጥ የሚደርሰው በሳምንታት ተለሳልሶ ነው። ችካል ላይ መሰቀሉ ከወለሉ እርጥበትና ከአይጥ ያርቀዋል። ከሁሉም በላይ የሚነበብ መጽሐፍ በየጊዜው ይገለጣል፣ ይናፈሳል፣ ብል ሲጀምረው የሚያይ ዓይን አለው። ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ ቁጥር ባናውቅ ኖሮ ዲያቆኑ የሞላው ውሃ ምን እንዳደረገ ማስረዳት ባልቻልን። ግን ብራናን ከ50 ወደ 60 ቀስ ብሎ መውጣት ከሚጎዳው ይልቅ በአንድ ቀን ደጋግሞ መውጣትና መውረድ ይጎዳዋል።

ገድሉን ያዳንነው እሱ ራሱ በተሠራበት መንገድ ነው። ጥላ ቦታ ላይ፣ በቅጠሎቹ መካከል ንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየገባ፣ ቀላል ጣውላ ተጭኖበት ቀስ ብሎ ደረቀ። ሻጋታው በለስላሳ ብሩሽ ደጅ ተወስዶ ተራገፈ፤ አፍና አፍንጫ በነጠላ ተሸፍኖ። ጥቂት ቅጠሎች እስከ ዛሬ ጠርዛቸው ሞገዱን አልተወም፤ ይሁን ብለን ተውናቸው፤ ከዚያ በላይ መጫን ቀለሙን ያስለቅቃል።

ቁም ሣጥኑ ዛሬ የኋላ ጣውላው በወንፊት ሽቦ ተተክቶ፣ ውሃውና ማራገቢያው ወጥተውለት፣ የፋሲካ መጋረጃና የካህናት ካባ ይቀመጥበታል። ቁልፉን ቄሰ ገበዙ ለመጻሕፍቱ ክፍል በር አዛውረውታል። መለኪያው ከችካሎቹ አጠገብ ተሰቅሏል፤ መሪጌታ ጠዋትና ማታ 7 እየደመሩ በደብተር ይጽፋሉ። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን የጻፉትን በስልክ ሲያነቡልኝ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ፤ ቁጥሩ የሚዘለው ዝናብ በዘነበ ሌሊት ሁሉ ሳይሆን ነፋሱ ከምሥራቅ በመጣበት ሌሊት ነው። የምሥራቁ የቆርቆሮ ጠርዝ ከግንቡ አጭር ነው፤ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት፤ ሌላ ዕቃ ከመላክህ በፊት ስምንት ቆርቆሮና አንድ አሸንዳ ይበቃል አልኩት። ገንዘቡን በዚያው ሳምንት ላከ፤ አናጢው መስቀል ሳይደርስ ጣሪያው ላይ ወጣ።