ሱፍ ያልሆነው ሱፍ

በ1974 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ አሥረኛ ክፍልን እንደምንም ተሻገርኩና በአሥራ አንደኛ የምማረውን ዘርፍ እንድመርጥ አንዲት ቅጽ ተሰጠችኝ። አካዳሚክ፣ ንግድ፣ ግብርና፣ ኢንዱስትሪያል አርት፣ ሆም ኢኮኖሚክስ ትላለች። ጓደኞቼ ዓይናቸውን ሳያሹ አካዳሚክ ላይ ምልክት አደረጉ። የእኔና የፊዚክስ ጠብ ግን ሽማግሌ ቢቀመጥበት እንኳ የማይበርድ ነበር። አካዳሚክ ገባሁ ማለት ከባላንጣዬ ጋር ሁለት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ማደር ነው። ስለዚህ እስክሪብቶዬን ወደ ታች፣ ወደ ታች እየሳብኩ ሄድኩና የመጨረሻዋ ሳጥን ላይ አሳረፍኩት። ሆም ኢኮኖሚክስ ውስጥ ወጥ መሥራትም ሕፃን ማጠብም አለ፤ እኔን የሳበኝ ግን «ልብስና ጨርቃ ጨርቅ» የሚለው ነው። ጨርቅ ደግሞ ምን ፊዚክስ አለው ብዬ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ሴቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ይህንን ለቤተሰብ አላብራራሁም።

«ምን መረጥክ?» አለች እናቴ፣ ጤፍ እያበጠረች።

«ጨርቃ ጨርቅ።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ሰው አበደ የሚባለው ጨርቁን ሲጥል ነበር፤ የእኔ ልጅ ጨርቅ አንስቶ አበደ!»

አባቴ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው በመነጽራቸው ጫፍ አዩኝ። «ሸማኔ ልትሆን ነዋ» አሉና ጋዜጣውን መልሰው ከፍ አደረጉት።

ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አንጥረኛውም ሸማኔውም በየሙያው የሚሰደበውን ስድብ እየጠቀሱ፣ ከእንግዲህ እንዲህ እንዳትሉ ብለዋል። አዋጁ ያኔ ሰባ አራት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ እኛ ቤት ግን ገና አልደረሰም ነበር።

ከዚህ ይልቅ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ሌላ ነገር ነው። በሰፈራችን የነበሩት ልብስ ሰፊዎች አንድም ሳይቀሩ ወንዶች ናቸው። ሸማኔውም ወንድ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ከጋሞ ደጋ የመጡትን ባለሙያዎች ብታዩ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ መወርወሪያ የሚወረውረው ወንዱ ነው። ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ወንዱ ይሰፋል። ከተማችን ራሷ የጨርቅ ከተማ ናት። በ1953 ዓ.ም. ከጣልያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሶቪየቶች እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክም ይህንኑ ሙያ ያስተምር ነበር። ያኔ ፋብሪካ ከገባህ ላብ አደር፣ ፖሊ ከገባህ ቴክኒሺያን ትባላለህ። እኛ ክፍል የገባህ እንደሆነ ግን ያው ክር፣ ያው መርፌ ድንገት ቀሚስ ይለብስና የሴት ሥራ ይሆናል። ጓደኞቼ ስሜን ትተው «ወይዘሮ ሲንጀር» ይሉኝ ጀመር።

መምህራችን ደግ ሴት ነበረች። በየቀኑ «ልጃገረዶች!» ብላ ትጀምርና ዓይኗ እኔ ላይ ሲያርፍ «እና አንተ» ብላ ትጨምራለች። ለሁለት ዓመት መጠሪያዬ «እና አንተ» ነበር።

በመጀመሪያው ወር ክር የሚባል ነገር አላየንም። የስፌት መኪናዋን መንዳት የተማርነው ያለ ክር፣ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ መስመር ይሰመራል፤ በባዶ መርፌ መስመሩን ተከትሎ መውጋት ነው። ቀላል ይመስላል። የሲንጀር ፔዳል ግን እንደ በቅሎ ናት፤ ወደፊት ስትላት ወደ ኋላ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ወረቀት አለቀብኝና የኬሚስትሪ ደብተሬን መሐል ገጾች ገንጥዬ ተለማመድኩባቸው። በማግስቱ የኬሚስትሪ መምህሩ የቤት ሥራ ሲጠይቀኝ ለካስ የቤት ሥራው የተሠራው እዚያው ላይ ኖሯል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣና አየው፤ ወንፊት ነው። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ቀጥ ያለ ስፌት» አልኩት። ቀጥ ያለ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ መፍተል መጣ። እናቴ እንዝርቷን በስንት ልመና አዋሰችኝ። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ ስትሰጠኝ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። እንዝርቱን ባሾርኩት ቁጥር አንዱ ጋ እንደ ትል ያብጣል፣ ሌላው ጋ ይበጠሳል። እናቴ ልቃቂቴን አገላብጣ አየችና «ይህ ጥጃ ለማሰር ነው?» አለች። እሷ ስትፈትል ዓይኗ ጎረቤት ላይ፣ አፏ ወሬ ላይ ነው፤ ጣቷ ብቻ ያያል። መምህራችን ክር የሚጠነክረው በሚሾርበት ልክ እንደሆነ፣ ከልክ ካለፈ ግን ተጠማዝዞ እንደሚበጠስ በሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣለች ስታስረዳ ደነገጥኩ። ቀስቶቹን አውቃቸዋለሁ። ሸሽቻት የመጣሁት ፊዚክስ ቀድማኝ እዚያ ቁጭ ብላ ትፈትላለች!

አሁን ደግሞ የክብሪት ነገር ልንገራችሁ።

ጨርቅ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ክሩን ማቃጠል የሚባል ዘዴ ተማርን። ጥጥ ቶሎ ይነዳል፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ግራጫና ልስልስ ነው። የበግ ሱፍ ጸጉር ስለሆነ እንደ ጸጉር ይከረፋል፤ እሳቱን ስታርቁለት ራሱ ይጠፋል፤ ጥቁር አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል። ፖሊስተር ግን ከእሳት ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ዶቃ የጠጠረች ፍሬ ይሆናል። በሁለት ዓመት ትምህርት ልቤን የወሰደው ይህ ነው። ቤት ስደርስ ክብሪቴን ያልቀመሰ ጨርቅ አልቀረም፤ መጋረጃ፣ ፎጣ፣ የእህቴ ሹራብ። በመጨረሻ የቀረው ቁም ሳጥኑ ነበር፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የአባቴ ሱፍ አለ።

እንደምታውቁት በእኛ አገር ኮትና ሱሪ ከአንድ ጨርቅ ከተሰፋ ከምንም ይሠራ ስሙ ሱፍ ነው። በጾም በጥብጠን የምንጠጣውም ሱፍ ነው። የአባቴ ሱፍ ግን ከሁሉም ይለያል። በ1963 ዓ.ም. ከመርካቶ የአንድ ወር ተኩል ደመወዝ አውጥተው «ንጹሕ የእንግሊዝ ሱፍ» ተብለው የገዙት ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ላይ ይወጣል። ለእንግዳ እጅጌውን አስይዘው «እስቲ ዳስሰው» ይላሉ። ሰውም ይዳስሳል፤ «ይገርማል!» ይላል፤ እሳቸውም ወደ ሌላው እንግዳ ይዞራሉ።

ከሱሪው ጫፍ በውስጥ በኩል አንድ ክር መዘዝኩ። እንደ ወረቀት ነደደ። ጥጥ? ለካ የመዘዝኩት የጨርቁን ሳይሆን የስፌቱን ክር ኖሯል፤ ቅምቅማቱ ግማሽ ድረስ ተተረተረ። ሁለተኛ ከጨርቁ ዳር ድርና ማጉን ለይቼ አወጣሁ። ክብሪት ጫርኩ። ክሩ ከእሳቱ ሸሸ። ተኮማተረ። ቀለጠ። መዳፌ ላይ ጥቁር ዶቃ ጠብ ስትል ጮኼ ክብሪቱን ጣልኩት፤ የወደቀውም ሌላ ቦታ ሳይሆን የሱሪው እግር ላይ ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ተከፈተች። ዳሯ በጣቴ ሲነካ ደረቅ፣ ጠጣር ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ የት ይገኛል?

አባቴ የደረሱበት እሑድ፣ ለሰርግ ሲለብሱ ነው። አንዱ እግር ተረከዛቸውን አልፎ መሬት ይጠርጋል። ሳይንሱን አስረዳሁ። ጸጉሩን፣ ዶቃውን፣ ሽታውን አስረዳሁ። «ስለዚህ አባባ፣ ሱፉ ሱፍ አይደለም» አልኩ።

ረጅም ዝምታ ሆነ። «ክብሪቱ ውሸታም ነው» አሉ። «አሁን ቁጭ በልና ስፋ።»

ሰፋሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያውን የስውር ስፌት የሰፋሁት ያን ጠዋት፣ አባቴ በውስጥ ሱሪ ከፊቴ ቆመው፣ ሰርገኛ ውጭ እየጠበቀ ነው። ቀዳዳዋንም ከውስጥ ከተረፈው ጨርቅ ቀድጄ ደረብኩባት። ለመምህሬ ብነግራት ሙሉ ማርክ ትሰጠኝ ነበር፤ አፍሬ ተውኩት።

ፍርድ ላለማዛባት አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ጨርሰው አልተሳሳቱም። የፖሊስተርን ክር በ1941 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የፈለሰፉት ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። ስለዚህ «እንግሊዝ» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ይህን ስነግራቸው «አላልኩህም!» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ለእንግዳ የሚነግሩት ይህንኑ ነው።

አጥራችንን የሚጋሩት ጎረቤታችን በፋብሪካው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው እውነተኛ የበግ ሱፍ ነበራቸው፤ ራሴ አንድ ክር ፈትሼ ጸጉር ጸጉር ሸቶኛል። በምስጢር የያዝኩት ነው፣ አባቴ እንዳይሰሙ። አንድ ዓመት ለፋሲካ ሊለብሱት ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ብል ጨርሶታል፤ ኮቱ የእኔን የኬሚስትሪ ደብተር መስሏል። ብል የሚበላው ጸጉር ነው፤ ፖሊስተር አይበላም።

አባቴ አርፈዋል። ሱፋቸው እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። በግራ እግሩ ጫፍ ያለችው መጣፊያ ብታዩዋት ትንሽ ጠማማ ናት፤ ከዚህች በቀር ሃምሳ ዓመት ያለፈው ልብስ አንድ ቀዳዳ የለበትም።