ዋግ የሚለምን ሰው

ነሐሴ ሲገባ የአርሲና የባሌ ስንዴ አምራች፣ ስንዴ የሚያጠፋውን ፈንገስ ዋግን ፈርቶ፣ «ዘንድሮስ ዋጉን ያዝልኝ» እያለ ፈጣሪውን ይማጸናል። ከአጥሩ ማዶ ማስተርሱን በዕፅዋት በሽታ የሚሠራው ልጅ ደግሞ «ዘንድሮስ ዋጉን ላክልኝ» ይላል። ሁለት ልመና ወደ አንድ ሰማይ!

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራው ዝርያዎችን ዋግ ፊት አቁሞ ማን እንደሚወድቅ መመዝገብ ነው። ዋጉ ከቀረ ሁሉም ጀግና ሆነው ይቆማሉ፤ ከጀግና ብቻ ደግሞ ቴሲስ አይወጣም። ስለዚህ በሙከራው ዙሪያ «ሞሮኮ» የሚሉትን፣ ዋግ ገና ሲያየው እጅ የሚሰጥ ስንዴ ይዘራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዋጉን ዱቄት በቀላል ዘይት በጥብጦ ይረጭና ጤዛ እንዲያድርበት ይመኛል። መንገድ ላይ የቆሙ ሽማግሌ «ልጄ፣ መድኃኒት ነው የምትረጨው?» ቢሉት «አይ አባቴ፣ በሽታውን ነው» ከማለት ሌላ ምን መልስ አለው? ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። ይሄን ያህል ዓመት የተማረው ለዚህ ነው!

መስከረም ላይ ቅጠሉ ቢጫ በቢጫ ሲሆን አድቫይዘሩ ዘንድ ይደወላል።

«ዶክተር፣ መጣልኝ!»

«ስንት ደረሰ?»

«ሰማንያ ፐርሰንት!»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ።»

ሙከራ ያልሆነለት ቅኝት ይወጣል። ደንቡ በየአምስት ወይም በየአሥር ኪሎ ሜትሩ መኪና አቁሞ ማሳ ማየት ነው። መኪናው ደግሞ የሚሄደው መንገድ ባለበት ነውና ካርታው ሲሠራ በሽታው ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተኮልኩሎ ይገኛል። ዋግም እንደ ባለሥልጣን አስፋልት ይወዳል ማለት ነው። ርዕሱን አትጠይቁ፤ «ስርጭት፣ የጉዳት መጠንና መከላከያ» ነው፣ የሚለወጠው የዞኑ ስም ብቻ።

ፕሮፖዛሉ ውስጥ ኖርማን ቦርሎግ አይቀሩም። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1942 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ሜክሲኮ ማሳ ውስጥ ዓመታት ከርመው፣ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። የእኛ ሰው ከዚህ ሁሉ ዶክትሬቷን ይወስድና የሜክሲኮውን ማሳ በስብሰባ አዳራሽ ይተካዋል። ሰፈር ደግሞ «ዶክተር» መባሉን ሰምቶ ጨጓራውን ሊያሳየው ይመጣል።

ፈንገሱ ግን ስብሰባ የለበትም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ተነሥቶ አገሩን የሞላውን «ኩብሳ» የተባለ የስንዴ ዝርያ አረገፈው። ገበሬው «ዲገሉ» ወደሚባለው ዝርያ ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫውን ችሎ ነበርና። ሁለት ሦስት ዓመት እፎይ እንዳለ፣ በ2013 የግንድ ዋግ አዲስ ዘር ይዞ መጥቶ ዲገሉን ራሱን አጨደው። እዚህ ተማሪው ፕሮፖዛል አጽድቆ፣ በጀት አስለቅቆ፣ መኪና ለምኖ ማሳ እስኪደርስ፣ እዚያ ዋጉ ማንነቱን ቀይሮ ይጠብቀዋል። ያለ አድቫይዘር፣ ያለ ዲፌንስ!

እርግጥ የግንድ ዋጉ ናሙና አምቦ ወዳለው የምርምር ማዕከል ሄዶ ሲመረመር ትልቅ ጥበብ ነው። ሃያ መለያ የስንዴ ዓይነቶች ላይ ተዘርቶ፣ የትኛውን እንደገደለ የትኛውን እንደፈራ ተነቦ፣ በአምስት ፊደል ይሰየማል። ዲገሉን የጨረሰው «ቲ ኬ ቲ ቲ ኤፍ» ይባላል። ይህን ለአንድ አዛውንት ገበሬ ሊያስረዳ የሄደ ወጣት ተመራማሪ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረላቸው እንበል። እሳቸውም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ይጠይቁታል።

«ስሙንስ አወቃችሁት፤ እግዜር ይስጣችሁ። ለከርሞ ምን ልዝራ?»

«እሱ እንኳን አባባ፣ በተለያዩ ቦታዎችና ወቅቶች ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል።»