ካፖርት ለብሶ ባሕር ዳር፦ ከአየርላንድ የተላከ ደብዳቤ

ትራሞር በአየርላንድ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዋተርፎርድ ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከ10 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ዋናው ሀብቷ 5 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አሸዋማ ዳርቻዋ ነው። በስልክ የደረሳቸውን ፎቶግራፍ አይተው «ሰማዩ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያኮረፈው?» ላሉ የአገር ቤት ዘመዶች ማብራሪያ ሳያስፈልግ አይቀርም፦ ፎቶግራፉ የተነሣው በሐምሌ፣ በበጋው እኩሌታ ነው። የአየርላንድ በጋ ከኢትዮጵያ ክረምት ጋር በአንድ ወቅት ከመዋሉም በላይ ጠባዩንም የተዋሰ ይመስላል። ልጆች አሸዋ ይቆፍራሉ፤ ወላጆች ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳሉ። ማካፋት ሲጀምር የሚነሣ የለም።

ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ጊለሚን የሚባል ዐለታማ የመዋኛ ስፍራ አለ። ቀድሞ የወንዶች ብቻ ነበር፤ ሴቶችና ልጆች አጠገቡ ወዳለው ኒውታውን ኮቭ ይወርዱ ነበር። «ለወንዶች ብቻ» የሚለው አሮጌ ሰሌዳ ዛሬም አልተነቀለም፤ ሴቶቹ ከሥሩ አልፈው ገብተው ይዋኛሉ። ውኃው በሞቀበት በነሐሴ እንኳ ከ16 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። አገር ቤት ሰው እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የሚገባው ጠበል ነው ተብሎ፣ ያውም ደዌ ሲጸናበት ነው። እዚህ ግን ፍጹም ጤነኛ ሰው በፈረንጆች ገና ዕለት ሳይቀር ገብቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ይወጣና «ግሩም ነው» ይላል።

ከሁሉም የታወቀው መስህብ የብረቱ ሰውዬ ነው። ነገሩ የጀመረው በመከራ ነው። በጥር 30 ቀን 1816 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲ ሆርስ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ፣ ከናፖሊዮን ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ከነቤተሰቦቻቸው አሳፍራ ስትጓዝ ማዕበል ወደ ትራሞር ወሽመጥ ገፍቷት ተሰባበረች። ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ። ወሽመጡ ከሩቅ ሲያዩት ጎረቤቱ ያለውን የዋተርፎርድ ወደብ መግቢያ ይመስላል፤ ልዩነቱ ወደቡ ጥልቅ ሲሆን ወሽመጡ ግን መርከብ የሚያስቀር አሸዋ መሆኑ ነው። መርከበኞች ሁለቱን እንዳያምታቱ በ1823 በወሽመጡ ግራና ቀኝ ባሉት አፋፎች ላይ ምሰሶዎች ተገነቡ፤ በምሥራቁ ሁለት፣ በምዕራቡ ሦስት። ከሦስቱ በመካከለኛው ላይ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሰማያዊ ጃኬትና ነጭ ሱሪ የለበሰ የብረት መርከበኛ ቆመ። እጁን ወደ ባሕሩ ዘርግቶ የሚያስተላልፈው መልእክት «በዚህ በኩል አትምጡ» የሚል ነው። ከተማዋ ታዲያ ይህንኑ ሰውዬ የጎብኚ መጥሪያ አድርጋዋለች።

ባል የምትሻ ልጃገረድ ምሰሶውን በባዶ እግሯ፣ በአንድ እግር እየዘለለች ሦስት ጊዜ ከዞረችው ዓመት ሳይሞላት ታገባለች የሚል እምነትም አለ። ሽማግሌ አያስፈልግም፤ ጥሩ ቁርጭምጭሚት ግን ያስፈልጋል። ዛሬ ቦታው የግል ይዞታ ስለሆነ ሰውዬው የሚታየው ከሩቅ ነው። የአካባቢው ሴቶች ግን ማግባታቸውን አላቋረጡም።

ትራሞርን የመዝናኛ ከተማ ያደረጋት በ1853 የተከፈተው የዋተርፎርድ ባቡር ነው። ሐዲዱ ከሌላ የአገሪቱ ሐዲድ ጋር አልተገናኘም፤ ሥራው የከተማ ሰው ወደ ባሕር ማውረድና ማታ መመለስ ብቻ ነበር። በ1960 መጨረሻ ተዘጋ፤ ዛሬ አውቶቡስ ተክቶታል። የቀድሞው የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳም በባሕር ተበልቶ ውድድሩ ወደ ኮረብታ ወጥቷል። ፈረሶቹ በአዲስ ዓመት ዕለትም ስለሚሮጡ፣ ጥር 1 ቀን 2000 በአውሮፓ የአዲሱ ሺህ ዓመት የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በትራሞር ነው። ዕለቱ በአገር ቤት ገና ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ስለነበር፣ ለኢትዮጵያዊ ተወራራጅ የሚጣደፍበት ምክንያት አልነበረም።

በከተማዋ በላፍካዲዮ ኸርን ስም የተሰየመ የጃፓን የአትክልት ስፍራም አለ፤ የተከፈተው በ2015 ነው። ኸርን በ1850 በግሪክ ደሴት ከአየርላንዳዊ አባትና ከግሪካዊት እናት ተወልዶ ደብሊን ያደገ፣ በልጅነቱ የበጋውን ዕረፍት በትራሞር ያሳለፈ ደራሲ ነው። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1890 ጃፓን ገብቶ እዚያው አገባ፤ ስሙንም ኮይዙሚ ያኩሞ አሰኝቶ በ1904 አረፈ። ተክሎቹና ኩሬዎቹ ይህንኑ የሕይወት ጉዞ ተከትለው የተሰናዱ ናቸው። «ከሄደ ወዲህ ምን አተረፈ?» እያሉ የሚጠይቁ ዘመዶች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ስደተኛ ልጅነቱን ባሳለፈበት ከተማ የአትክልት ስፍራ ሊሠራለት ይችላል። ከሞተ በኋላ 111 ዓመት መታገሥ ብቻ ነው።

ከትራሞር ወደ ምዕራብ እስከ ስትራድባሊ የሚዘረጋው የመዳብ ዳርቻ በዩኔስኮ የዓለም ጂኦፓርክነት የተመዘገበ ነው። ዐለቶቹ 460 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእሳተ ገሞራ ውጤቶች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቡንማኾን ዙሪያ መዳብ በብዛት ይወጣ ነበር፤ ማዕድኑ ሲያበቃ ብዙ ቆፋሪዎች ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ታንከርድስታውን ላይ የማዕድን ማውጫው የሞተር ቤት ፍርስራሽ ከነጭስ ማውጫው በገደሉ አናት ቆሟል። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ቢሆንም ከአካባቢው ሁሉ የሚያምረው ይህ የመዳብ ዳርቻ ነው፤ ለአንድ ቀን ብቻ የመጣ እንግዳ የትራሞርን መጫወቻና የቁማር ማሽኖች ትቶ ወደዚህ ቢሄድ አይቆጨውም።

ዋተርፎርድ ቫይኪንጎች በ914 የመሠረቷት፣ የአገሪቱ ጥንታዊት ከተማ ስትሆን በክሪስታል ብርጭቆ ትታወቃለች። ብርጭቆው ውድ ነው። በአቅም የሚገኘው ብላ የሚባለው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ለስላሳ ነጭ ዳቦ ነው። ከ2013 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው። ሲያድር ስለሚደርቅ ጠዋት፣ ከምድጃው እንደወጣ ይገዛል።