ነገረ ኳኳታ

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ከሁለት ኑሮ አንዱን ይመርጣል፤ ወይ የብረቱን ጩኸት ላለመስማት ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ በሰላም ይነዳል፣ ወይ ደግሞ ሬዲዮውን ዘግቶ፣ መስኮቱን ዝቅ፣ አንገቱን ወደ ፊተኛው ጎማ ዘንበል አድርጎ፣ ባለቤቱ ስለ ጤፍ ዋጋ የምትነግረውን ሁሉ በእሺታ እያሳለፈ፣ ከወለሉ በታች ለሚሰማው ነገር ብቻ ጆሮውን ሰጥቶ ይጓዛል። እኔ ከኋለኞቹ ወገን ነኝና በሐዋሳ ጎዳናዎች ላይ እየተንኳኳሁ ያካበትሁትን ጥቂት ዕውቀት ለአንባቢ ማካፈል የዜግነት ግዴታ መስሎ ታየኝ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራች ቮልስ ናት። የከተማችን ወጣቶች፣ ስፖርት መኪና ማለት ጣሪያው ዝቅ ዋጋው ከፍ ያለ ቀይ ነገር ብቻ ስለሚመስላቸው፣ ይህችን እናት ከዚያ ተርታ ስቆጥራት ሲሰሙ ይስቃሉ፤ የትውልድ ሐረግ መቁጠር ካልተማሩ አልፈርድባቸውም። ቮልስን የነደፋት ፌርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ልጁ ፌሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 ግሙንድ በምትባል የኦስትሪያ ቀበሌ የቤተሰቡን ስም የተሸከመችውን የመጀመሪያዋን የስፖርት መኪና ሲሠራ፣ ሞተሩንም የፊት እግሯንም ያገኘው ከዚህችው ከቮልስ ነው። ያች 356 የተባለች ቀላል መኪና 585 ኪሎ ብቻ ትመዝን ነበር፣ ጉልበቷም 35 ፈረስ ነበር፤ እንግዲህ ያች ባለጸጋና የኔዪቱ ድኻ በፊት እግር በኩል የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1962 በምሥራቅ አፍሪካ ጭቃና አቧራ ላይ የሚካሄደውን የሳፋሪ ውድድር ያሸነፈችው ቮልስ ናት። ስለ ታሪካዊነቷም ቢሆን፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ የኋላ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው እንደ ነበር የማያውቅ የለም፤ ጸሐፍተ ታሪክ ስለዚያች ዕለት ብዙ ሲጽፉ የመኪናዪቱን እግር ድምፅ በዝምታ ማለፋቸው ግን ለቮልስ ባለቤት ይቅር የማይባል ጉድለት ነው።

የዚህችን መኪና የፊት እግር ላላየ ሰው ጥቂት ልግለጽ። ሞላም ባሌስትራም የለበትም። ፌርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ብልሃት፣ ዘንግ ሲጠመዘዝ የሚያሳየውን እንቢታ በሞላ ፋንታ ማሠራት ነው፤ በቮልስም ሁለት ቱቦዎች አንዱ ከሌላው በላይ ተጋድመው፣ በየሆዳቸው የተነባበረ የብረት ቅጠል አስተኝተው፣ ጎማው ድንጋይ ሲወጣ ብረቱ ይጠመዘዛል፣ ሲወርድም ተፈትቶ ወደ ልኩ ይመለሳል። ጥበብ የተሞላ፣ ጠንካራና ቀላል ሥራ ነው፤ ነገር ግን ብረት በብረት ላይ በሚዞርበት ስፍራ ሁሉ ግሪስ ካጣ መናገር ይጀምራል፣ መናገር ከጀመረም ዝም የሚያሰኘው የለም።

ሐዋሳ ለእንዲህ ያለች መኪና ገነትም ፈተናም ናት። ከተማዪቱ ሜዳ ላይ ስለ ተዘረጋች፣ ከገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወርደው ሰፊ አስፋልት ላይ ስንሄድ፣ የኔዪቱ የመነኩሴ ጠባይ ይዛ፣ ድምፅ የሌላት መስላ ታልፋለች። ከዋናው መንገድ ወጥተን በኮብልስቶን ወደ ተነጠፈው የውስጥ ሰፈር ስንታጠፍ ግን ያ ሁሉ ትሕርምት ይፈርስና፣ ታኅሣሥ 19 ለንግሥ የመጣ ምእመን እንኳ ዞር ብሎ የሚያያት ሌላ ማኅሌት ትቆማለች።

ቅዱስ ያሬድ ይቅር ይበለኝና፣ ድምፁን ለይቼ ለማወቅ በሦስቱ ዜማዎች ከፈልሁት። ግዕዝ ያልሁት ደረቁን፣ ጎማው ጉድጓድ በነካ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ» ብሎ የሚያበቃውን ነው፤ ይህ የላላ ነገር ድምፅ ነው፣ ያረጀ ኪንግ ፒን ወይም ቦኮላው ያለቀ አሞርዛተር። ዕዝል ያልሁት ከባዱንና ረጅሙን፣ ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚያድገውን፣ መሪው ሲዞርና ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል የሚለዋወጠውን ማጉረምረም ነው፤ ይህም በአብዛኛው የጎማ ኩሽኔታ ነው። አራራይ ያልሁት ደግሞ ቀጭኑንና አሳዛኙን፣ መኪናዪቱ ቀስ ብላ ስትዋዥቅ «ሲጥ፣ ሲጥ» የሚለውን፣ በክረምት ዝናብ ጠፍቶ በበጋ የሚመለሰውን ነው፤ እርሱም ደርቆ ከብረት ጋር የሚፋጭ ላስቲክ ነው።

በከተማችን ግን ድምፅ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የሰማ ሁሉ መተርጉም ነው። አንድ የባጃጅ ነጂ አጠገቤ ደርሶ፣ «ጋሼ፣ ቦል ጆይንቱ ሄዷል!» አለኝ፤ ቮልስ ቦል ጆይንት የለበሰችው እ.ኤ.አ. ከ1965 አጋማሽ ወዲህ ስለ ሆነ፣ ልጁ ለበሽተኛዪቱ በሌላት አካል መድኃኒት ማዘዙ ነበር። አንድም፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለ ሆነ ጥፋቱ ከመኪናዋ ሳይሆን ከምድሪቱ ሊሆን እንደሚችል በትዕግሥት አስረዱኝ። አንድም፣ ደላላው፣ ይህ ደዌ በሽያጭ እንጂ በጥገና እንደማይድን ተናገረ። አንድም፣ ጎረቤቴ ዲያቆን፣ ነገሩ ሳይባባስ ጠበል ቢረጭበት መልካም መሆኑን አሳሰበ፤ የዚህ ምክር ብልኃት በኋላ ይገለጣል። በአሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚፈለፍሉትን እየተጠባበቁ ከሚቆሙት አባ ኮዳዎች በቀር አስተያየት ያልሰጠኝ ፍጡር አልነበረም።

ትርጓሜው በዝቶ ዜማው ሳይለወጥ ቢቀር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳሉ አንድ አረጋዊ መካኒክ ሄድሁ። እኒህ ሰው የመሣሪያ ሣጥናቸውን ከመክፈታቸው በፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «መቼ ነው የምትጮኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሁልጊዜ ነው፣ ጋሼ» አልሁ።

«ሁልጊዜ የሚባል ድምፅ የለም። ፍሬን ሲይዙ ነው? ሲታጠፉ ነው? ወደ ቀኝ ነው፣ ወደ ግራ? በአንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገቡ ነው፣ ወይስ ሁለቱም አብረው ሲወጡ? ባዶዋን ነው፣ ሰው ሲሞላባት?»

መልሴን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ የፊተኛውን ኮፈን ከፈቱ፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለ ሆነ ከፊት ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ተጠባባቂውን ጎማ፣ ክሪኩን፣ ከዚያም ባለቤቴ ለሐይቅ ዳር ሽርሽር ያኖረቻትን ጀበና ከነስኒዎቿ አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደሩና፣ «አሁን ዞረው ይምጡ» አሉኝ። ዞሬ ስመለስ ከኳኳታው ሲሶው ከጀበናዪቱ ጋር መሬት ቀርቶ ነበር። የእግር በሽታ ከመመርመር በፊት የሻንጣውን ቦታ ባዶ ማድረግ የዚህ ጥበብ መቅድም መሆኑን ያን ዕለት ተማርሁ።

ከዚህ በኋላ የፊቱን ጥግ በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁት፤ አሞርዛተሩ ደኅና ከሆነ መኪናዪቱ አንዴ ተነሥታ ትረጋለች፣ ካለቀ ግን ትወዛወዛለች። ከዚያም በክሪክ አንሥተው፣ ጎማውን በአንድ እጅ ከላይ በአንድ እጅ ከታች ይዘው ነቀነቁት፤ ጎማው በግልጽ ተንቀሳቀሰ። የከተማው ሊቃውንት ሁሉ ቢኖሩ እዚህ ላይ ኪንግ ፒን ይቀየር ብለው በወሰኑ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «ፍሬን ይርገጡልኝ» አሉ፤ ብረግጥ መነቅነቁ ጠፋ። ምሥጢሩ እንዲህ ነው፦ ፍሬን ሲረገጥ ጎማው ከተሸካሚው ጋር ስለሚያያዝ የኩሽኔታው ልቅነት ይሰወራል፣ የኪንግ ፒኑ ግን አይሰወርም። ስለዚህ ውዱን ኪንግ ፒን በነጻ አሰናብተው፣ የኩሽኔታውን ዳዶ ፈትተው ግሪሱን አድሰው በልኩ መለሱት፤ «ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ዝም ብሎ ይቃጠላል፤ ከላላው የከፋ እርሱ ነው» አሉኝም።

ቀጭኑን አራራይ ለማግኘት ደግሞ የእጅ ልጃቸው፣ በጆግ ውኃ ይዞ ከታች ገብቶ፣ ሁለቱን የፊት እግሮች የሚያገናኘውን ማመጣጠኛ ባራ የሚይዙትን ላስቲኮች አንድ በአንድ አራሰ፤ ከአንዱ ላይ ውኃ ሲፈስ ሲጥታው ድንገት ቆመ፤ የዲያቆኑ ምክር በምርመራ ረገድ ትክክል ነበር ማለት ነው። ልጁም የተቃጠለ ዘይት ሊያፈስበት ጣሳ አንሥቶ ሲሮጥ ሽማግሌው በቁጣ መለሱት፤ ዘይት ላስቲክን ያሳብጣል፣ ያበሰብሳል፣ የዛሬውም ዝምታ የነገ ኳኳታ ይሆናል። መፍትሔው አዲስ ላስቲክ ነው፤ ቮልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2003 ድረስ በሜክሲኮ ፑዌብላ ስትሠራ ቆይታ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለ ደረሰ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላይ ዕቃዋን ማግኘት ወዳጅ እንጂ ተአምር አይጠይቅም።

ስንለያይ እኒያ አረጋዊ፣ የመኪና ድምፅ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው አሉኝ፤ የሚገድልና የሚያሳፍር። ኩሽኔታ፣ ኪንግ ፒን፣ የመሪ መገጣጠሚያ ሲናገሩ ሳያድሩ መስማት ይገባል፤ ላስቲክ ሲናገር ግን የሚጎዳው የባለቤቱ ክብር ነው። ሰው ሁሉ፣ አሉ፣ የሚያሳፍረውን ለማስቆም ይሮጥና ለሚገድለው ሬዲዮ ይከፍታል፤ ምክንያቱም የሚያሳፍረው ቀጭን ስለ ሆነ ጎረቤት ይሰማዋል፣ የሚገድለው ግን ወፍራም ስለ ሆነ ከመንገዱ ድምፅ ጋር ይመሳሰላል።

የምክሩ እውነት በቤቴ ተፈተነ። ኩሽኔታው ከተስተካከለ፣ የአሞርዛተሩም ቦኮላ ከተቀየረ በኋላ የቀረችው ያች ሲጥታ ብቻ ናት፤ ላስቲኮቹም ከወዳጄ እጅ በአውቶቡስ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደረሱልኝ። ልገጥማቸው ስሰናዳ ግን ባለቤቴ፣ «ይህቺንማ እንዳትነካብኝ፤ ከሰፈሩ ማጠፊያ ላይ ስትሰማኝ ነው ቡናውን የምጥደው» አለችኝ። ነገሩን በሽማግሌው ሕግ መዘንሁት፦ ሲጥታዪቱ አትገድልም፤ ታሳፍራለች፤ ኀፍረቷም የትኩስ ቡና ዋጋ ነው። አረጋዊው መካኒክ በመንገድ ባገኙኝ ቁጥር፣ «ላስቲኩ መጣ ወይ?» ይሉኛል። እኔም፣ «በመንገድ ላይ ነው፣ ጋሼ» እላለሁ፤ ሐሰትም አይደለም፤ በፊተኛው ኮፈን ውስጥ፣ ከጀበናዪቱ አጠገብ ሆኖ፣ እኔ በሄድሁበት ሁሉ አብሮኝ ይሄዳል።